የጋቢናው ቀበቶ

እኔ በጠባዬ ቁጡ ነኝ። መናኸሪያ ውስጥ ተራዬን የነካ ሹፌር ከእኔ ጋር በሰላም ውሎ አያውቅም፤ ትራፊክ ቢሆን፣ ተራ አስከባሪ ቢሆን አፌን አልይዝም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ደፋር ይለኛል። ውሸት ነው! ሆዴ ውስጥ የተቀመጠውን ይሉኝታ የሚያውቁት አላህና ሚስቴ ብቻ ናቸው። «ለጠብ ሲሆን አንበሳ ነህ፤ አንዲት እምቢ ለማለት ግን ትንቀጠቀጣለህ» ትለኛለች።

ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ መንዳት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ቀበቶ ስንት ምክር ሰምቻለሁ መሰላችሁ! የማያስር ሹፌር ግዴለሽ ነው ይላሉ። ግዴለሽማ ብሆን ምን ነበረበት! እኛ መናኸሪያ ካሉት ሁሉ የረጋው ሰውዬ፣ በሕይወቱ ኩርባ ላይ ቀድሞ የማያውቀው፣ ቀበቶ አያስርም፤ «እኔ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፣ ለሚበረው ንገሩት» ይላል። የሚበረውም አያስርም፤ እሱ ደግሞ እጁን ያምናል። እኔስ? እኔ የማላስረው አፍሬ ነው። ከኋላዬ ሰው ሁሉ ቀበቶ በሌለው ወንበር ላይ ተደርድሮ፣ አባቴን የሚያህሉ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው፣ እኔ ብቻዬን ራሴን ጥፍር አድርጌ ሳስር «እናንተ እንደፍጥርጥራችሁ» ያልኳቸው ይመስለኛል። እነሱም አይተው ዝም አይሉም። አንዱ «የፈሩት ይደርሳል» ይላል፤ ሌላዋ «ምነው፣ ልትጥለን አስበሃል እንዴ?» ትላለች። ያን ጊዜ ጆሮዬ ይግላል፣ እጄ ሳላዘው ይፈታዋል።

ከመሃላችን ሁልጊዜ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነበር። ፓይለቱ እንለዋለን። ደረቅ ሰው ነው፤ ቢቀልዱበት አይስቅ፣ ቢሰድቡት አይመልስ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ያማትባል፣ ቀጥሎ ቀበቶውን ጠቅ ያደርጋል። «ምን ያስፈራሃል ወንድሜ?» ስንለው፣ «ፈሪ ለእናቱ» ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። በዚህ ሰውዬ ያልቀለድኩት ቀልድ የለም። «ፓይለት፣ ዛሬ በስንት ሰዓት ነው የምታርፈው?» እያልኩ መናኸሪያውን በሳቅ አፈርስ ነበር።

የእኔ ይሉኝታ የት ድረስ እንደሚሄድ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ጋቢና ውስጥ፣ ከጎኔ፣ አንዲት ሴት ተሳፈረች፤ ነጭ ነጠላ ለብሳለች፣ ሠርግ ትሄድ እንደሆነ እንጃ። ከወንበሩ ጎን የተንጠለጠለው ቀበቶ ለዓመታት ማንም ሳያስረው አቧራና ዘይት ጠጥቶ ኖሮ ነጠላዋ ላይ ጥቁር መስመር አሰመረባት። «ይኼ ቆሻሻ ምን ያደርግልሃል?» ብላ ጮኸችብኝ። ማንንም የማልፈራው ቁጡው ሰውዬ ምን አደረግኩ? መኪናውን ዳር አስይዤ፣ ቢላ አውጥቼ ቀበቶውን ቆረጥኩት። «ይቅርታ እህቴ» ብዬ በመስኮት ወረወርኩት። ከላይ፣ ትከሻ ጋ፣ አንድ ስንዝር የምትሆን ቁራጭ ብቻ ቀረች። ሴትዮዋም መረቀችኝ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ፣ ምን ይደረግ።

ሚስቴ ግን የሹፌር ልጅ ናት። አባቷ የጭነት መኪና ነበር የሚነዱት። ረጋ ያሉ፣ ክላክስ እንኳ ሲነፉ ይቅርታ የሚጠይቁ የሚመስሉ ሰው ነበሩ ይባላል። አንድ ቀን መኪናቸው ቀስ ብላ ከመንገዱ ወጣች፣ ዘመም አለች፣ በሩ ተከፈተና እሳቸው ወደቁ። መኪናዋ አልተገለበጠችም። መብራቷ እንኳ አልተሰበረም፤ እሳቸው ግን ከጎማው ሥር ነበሩ። እሷ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኒካህ ያሰርን ቀን መህርሽ፣ የሙሽራ ስጦታሽ፣ ምን ይሁን ስትባል ትንሽ ነገር ጠቅሳ፣ «ከእሱ በላይ ግን መሪ በያዘ ቁጥር ቀበቶ እንደሚያስር ይማልልኝ» አለች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁማ። እሷ አልሳቀችም። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ወላሂ አስራለሁ» አልኩ።

ሦስት ዓመት አታለልኳት። ጠዋት ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችን ስወጣ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ጠቅ አደርጋለሁ፣ እጄን አውለበልባለሁ። መናኸሪያ ስደርስ እፈታዋለሁ። ከፊት የሚመጣ ሹፌር መብራት ብልጭ አድርጎ ትራፊክ እንዳለ ከነገረኝ፣ ጎትቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደርገውና ስናልፍ እለቀዋለሁ። ሲመሽ ሰፈራችን መግቢያ ላይ እንደገና አስሬ፣ እንደ ጨዋ ባል በር ላይ እቆማለሁ። «ደህና ዋልክ?» ትለኛለች። «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፣ ቀበቶዬን በፊቷ እየፈታሁ። ወይ እኔ!

በሦስተኛው ዓመት አረገዘች። ስድስት ወር ሲሞላት ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት በእኔ መኪና ኮምቦልቻ ሄደው ተመለሱ። ያዩትን ለሚስቴ ነገሯት። እኔ ይህን ያወቅኩት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው፤ ሚስቴ ሰምታ ምንም አላለችኝም። ቁጣዋ እንደ እኔ አይጮህም።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማለዳ ያካፋ ነበር። ተራዬ ደርሶ ተራ አስከባሪው መኪናዬን እየሞላ ነው፤ እኔ ከፊት ቆሜ መስታወት እጠርጋለሁ፣ በፓይለቱም እቀልዳለሁ፤ እሱ ከእኔ ፊት ሞልቶ ሊወጣ ነው። ማን እንደገባ ዞር ብዬ አላየሁም። ጋቢና አንድ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሞተር ሳስነሳ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። «በሰላም አግባን፣ ዓይኑን አብራለት፣ እጁን አጽናለት፣ ከድንገተኛ ነገር ጠብቀን» አሉ። መኪናው ሙሉ «አሚን» አለ።

እንግዲህ ያ ዝናብ አስፈርቶኝ ይሁን፣ ወይ አላህ ሊያድነኝ ፈልጎ፣ እጄ ወደ ቀበቶው ሄደች። ሽማግሌው ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ምነው ልጄ፣ ዱዓው አልበቃህም እንዴ?»

ከኋላ ሰው ሳቀ። «ኧረ በአላህ አባባ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አልኩና ለቀቅኩት። ልማድ! እንዲያ ብዬ ዋሸሁ። ሳቁልኝ። ደግሞ እነሱን ለማስደሰት ብዬ፣ «ይኼን የሚያስረው ፓይለቱ ነው፤ እኛ በዱዓ ነው የምንሄደው» ብዬ ጨመርኩበት። መኪናው በሙሉ ሳቀልኝ፤ ደረቴ ተነፋ።

ከተማውን ለቀን የሐረጎን ቁልቁለት ልንጀምር ስንል ጉም ወረደ። ማርሽ ቀንሼ የኋላውን ስፖኪዮ ቀና አደረግኩ። የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ጥግ ላይ፣ ሻርቧን እስከ ግንባሯ ያወረደች ሴት ነበረች። ዓይኗ ከዓይኔ ገጠመ። ሚስቴ ናት።

መጀመሪያ ያሰብኩት «ሌላ ሴት ናት» ብዬ ነው፤ ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ነው። እንደገና አየሁ። እሷ ናት፤ አትቆጣም፣ አትስቅም፣ ዓይኗን አትነቅልም። ስለ ፓይለቱ ያልኩትን ሰምታለች። «ልማድ ሆኖብኝ» ያልኩትን ሰምታለች። ቀበቶው በግራ ትከሻዬ በኩል ተንጠልጥሎ በየኩርባው ይነካካኛል። እጄን ባነሳ ይያዛል፤ አንዲት ጠቅ ናት።

ኧረ እሰር! ይላል ልቤ። እንዴት ልሰር? ሽማግሌው አጠገቤ ናቸው፣ አሁን ቀልጄበታለሁ። ደግሞ አሁን ባስር እሷን አይቼ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሌባ ሲይዙት የሰረቀውን እንደሚመልሰው መሆኔ ነው። ብቻ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ዝም ብዬ ነዳሁ። አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ስፖኪዮውን አያለሁ፤ ሐረጎ ላይ ሁለት ቦታ የሚያይ ሹፌር ደግሞ ሹፌር አይደለም።

ከፊታችን የተጫነ መኪና እያቃሰተ ይወርዳል። ከኋላዬ ያለው ክላክስ ይነፋብኛል። በሌላ ቀን ቢሆን መስኮት ዝቅ አድርጌ አባቱን እሰድበው ነበር፤ ያን ቀን ምላሴ የለም። ቀጣዩ ኩርባ ላይ ከጉሙ ውስጥ አንድ መኪና ወጣ፤ መብራት የለው፣ ደርቦ የእኛን መንገድ ይዞ እየወጣ ነው። ፍሬን ያዝኩ። መንገዱ እርጥብ ነው። ሰው ሁሉ ወደፊት ተንሸራተተ፣ ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ፊት ለፊት ያለውን ደገፉ፣ እኔም ከወንበሬ ተነስቼ ደረቴ መሪው ላይ አረፈ። ያኔ ነው እግሬ ፍሬኑን የሳተው። አንድ ትንፋሽ ያህል ያቺ መኪና ሹፌር አልነበራትም። ጎኔን ከወንበሩ አስተካክዬ ፍሬኑን ስፈልግ ያለፈው ጊዜ፣ ወላሂ፣ ከአሥራ አንዱ ዓመት ይረዝማል። አገኘሁት። ያ መኪና አንድ ክንድ በማይሞላ ልዩነት አልፎን ሄደ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሰው ሁሉ። ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ «አየህ ልጄ፣ ዱዓ ማለት ይኼ ነው!» አሉኝ።

ስፖኪዮውን አየሁ። ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ነው። ዓይኗን ጨፍናለች። ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ እስክንደርስ አልገለጠችውም።

መናኸሪያ ስንገባ ሰው ሁሉ ወረደ፣ ሽማግሌውም መርቀውኝ ሄዱ። እሷ መጨረሻ ላይ፣ ወንበሮቹን እየያዘች ወረደች። «ደህና ነሽ? ሆድሽን ነካሽ እንዴ?» አልኩ።

«ጠዋት በር ላይ ያሰርከውን የት ጋ ነው የምትፈታው? እሱን ብቻ ንገረኝ» አለች።

«መናኸሪያ» አልኩ።

«ለምን?»

«ሰው... አፍሬ ነው። ሽማግሌ ፊት፣ ሰው ፊት እኔ ብቻ...»

«አፍረህ» አለች። ድምፅዋን አላነሳችም። «ሽማግሌውን አፈርካቸው። የማያውቅህን መንገደኛ ሁሉ አፈርክ። እኔን ግን አላፈርከኝም። የማልክልኝን እኔን!»

ደሜ ፈልቶ የምናገረው ሁሉ የት ገባ?

«ከእንግዲህ ያንተ መኪና ላይ አልወጣም። ልጄንም ይዤ አልወጣም» አለችና ሄደች። የሚሞላው መኪና የፓይለቱ ነበር። ፊት ለፊቴ ገብታ ተቀመጠች። እሱ ሚስቴ መሆኗን አያውቅም። አማተበ፣ ጠቅ አደረገ፣ ወጣ።

ተከትያቸው ልሂድ አልል፣ ተራዬ አልደረሰ። መኪናዬ እስኪሞላ እዚያው ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ሞልቶ ስገባ፣ ማንም ሳያየኝ ሳይሆን ሁሉም እያየኝ፣ ቀበቶውን ጎትቼ አሰርኩት። አንዱ ጎረምሳ ወዲያው፣ «ሹፌር፣ በአየር ነው እንዴ የምንሄደው?» አለ።

«ሚስቴን ፈርቼ ነው» አልኩ ዞሬ።

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። አንዲት እናት፣ «አብሽር ልጄ፣ ሚስቱን የሚፈራ ይባረክ» አሉ። ከዚያ ስለ ጤፍ፣ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ሐረጎ አጋማሽ ሳንደርስ ቀበቶዬን ሁሉም ረስቶታል። ለካ ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ሳቅ ከሦስት ኩርባ በላይ አይዘልቅም ነበር! ተናደድኩ፤ በማንም አይደለም፣ በራሴ።

ቤት ስገባ አላናገረችኝም። በማግስቱ አንድ ሼህ ዘንድ ሄጄ መሃላ ማፍረሴን ነገርኳቸው። «ከፋራ አለብህ፤ አሥር ሚስኪን አብላ» አሉኝ። ለሚስቴ ነገርኳት፤ የምታበስልልኝ መስሎኝ። «ለአንተ መሃላ እኔ ምድጃ አልጥድም» አለች። እውነቷን ነው። ምግብ ቤት አስበስዬ አሥር ሰው አበላሁና ማታ፣ «ከፋራዬን አወጣሁ» አልኳት።

«አላህ ይቀበልህ» አለች። ቀጥላም፣ «እኔስ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰርኩ። በተሳፋሪ ፊት፣ በሽማግሌ ፊት፣ በዱዓ መሃል። «ዱዓው አልበቃህም?» ለሚሉኝ፣ «አባባ፣ ዱዓውን አሚን ብዬ ነው የማስረው» እላለሁ። ሚስቴ ግን ማየቷን አቆመች። ጠዋት በር ላይ አትቆምም። ደግሞ የሚያመኝን ነገር ሰማሁ፤ የበኩር ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደውና፣ ቦሩ ሜዳ እናቷ ዘንድ የሚያደርሳት ሰው አነጋግራለች። ፓይለቱን! የእኔ መኪና በር ላይ ቆሞ፣ ሚስቴ የሰው መኪና ልትከራይ። ፓይለቱ ጋ ሄጄ ልጣላው አሰብኩ፤ ምን ብዬ? ቀበቶ ስላሰርክ ልበለው?

ምጡ ከተባለው ሳምንት ቀድሞ መጣ። ጠዋት ነው፤ ያቺ ጎረቤታችን ደርሰው ወገቧን ይዘዋታል። ሚስቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፓይለቱን ታናግራለች፤ ሰውዬው ኮምቦልቻ ነው። እኔ ወጥቼ መኪናዬን አስነሳሁ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ፣ ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ልለምናት አልቻልኩም፤ ወላሂ የሚለውን ቃል አንዴ አበላሽቼዋለሁ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ወጣች። በሩ ጋ ቆመች። በመስኮቱ ደረቴን አየች፣ ፊቴን አላየችም። ጎረቤታችን «ኧረ ፍጠኝ ልጄ!» ይላሉ። የጋቢናውን በር ከፈተችና ገባች።

አለቀስኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ዓይኔን በእጅጌዬ ጠርጌ ማርሽ ላስገባ ስል ቀኝ እጇ ወደ ትከሻዋ ሄደ። ቀበቶዋን ልትስብ ነው። እጇ ወደ ላይ ወጣ፣ ፈለገ፣ ያቺን ስንዝር ቁራጭ አገኘ። ጎተተቻት። ጫፏን በጣቶቿ ይዛ ዞራ አየችኝ።

ምጡ መጣባትና ቁራጯን ጨብጣ ጮኸች። ከኋላ የገቡት ጎረቤታችን ነገሩን አዩት፤ ከወገባቸው ረጅሙን መቀነታቸውን ፈቱ፣ በወንበሩ ጀርባ አዙረው ከሆዷ በታች አሳልፈው ጠፍረው አሰሯት። «ቢስሚላህ፣ ንዳ» አሉኝ። «ቀስ ብለህ!»

ቦሩ ሜዳ ድረስ በሁለተኛ ማርሽ ነዳሁ። የቀደመን ሁሉ ክላክስ እየነፋ ቀደመን። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ቀኝ እጄን ደረቷ ፊት ዘርግቼ እይዛታለሁ፤ ከደረቷ ላይ አላነሳችብኝም፣ አልያዘችውምም። እናቷ ቤትን ትተን ቀጥታ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በር ስንደርስ መቀነቱን ለመፍታት ጥርሴን ተጠቀምኩ።

እኩለ ቀን ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው ብለው አስገቡኝ። ሚስቴ ልጅቱን አቅፋ ተኝታለች፤ ፊቷ ደክሟል። ስም እንምረጥ ትለኛለች ብዬ ነበር።

«ማን ፊት አፍረህ ነው የቆረጥከው?» አለችኝ።

«አንዲት ተሳፋሪ ነበረች» አልኩ። «ልብሴን አቆሸሸው ብላ።»

«ማናት?»

ላስታውሳት ሞከርኩ። ከልቤ ሞከርኩ።

«ነጭ ነጠላ ለብሳ ነበር» አልኳት። «ፊቷን አላስታውሰውም።»